የግንበኝነት ሙያ በኢትዮጵያ ታሪክ፤ እንጀራነቱና ነቀፌታው

በኢትዮጵያ ስለ ታላላቅ ሕንፃዎች ሲነገር ስሙ የሚነሣው አሠሪው ነው እንጂ ሠሪው አይደለም። «የጎንደርን ግንብ ፋሲል ሠራው፤ ቍስቋምን ምንትዋብ ሠራችው» ይባላል። አማርኛ «ሠራ»ንና «አሠራ»ን ለይቶ የሚያውቅ ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ የሚነገረው ቃል ጠፍቶ ሳይሆን ድንጋዩን ያነሣው እጅ ሊጠራ የሚገባው ሆኖ ስላልታየ ነው። የግእዙም ዜና መዋዕል ንጉሡ «ሐነጸ» ብሎ ያልፋል፤ የጠራቢውን፥ የኖራ አቃጣዩንና የአናጢውን ስም ከስንት አንድ ጊዜ ካልሆነ በቀር አይጽፍም። የግንበኝነትን ታሪክ የሚመረምር ሰው እንግዲህ ከሕንፃው በስተ ኋላ የቆመውን ሰው መፈለግ ይኖርበታል፤ ይኸውም ይህ ሰው ምን ስቦት ወደ ሥራው እንደ ገባ፥ ከሥራውም ምን አግኝቶ ምን እንደ ቀረበት መጠየቅ ማለት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

በባላገር ዘንድ ቤት መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ አይቈጠርም ነበር። ጎጆ የሚቀልስ ገበሬ ምሰሶውንና ማገሩን በበጋ ያከማቻል፤ ከዚያም ቀን ቈርጦ ጎረቤቶቹን በደቦ ይጠራል። ወንዶቹ ጕድጓድ ቈፍረው እንጨቱን ያቆማሉ፤ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋራ በእግራቸው ረግጠው ያቦካሉ። ሴቶቹ ውሃ ይቀዳሉ፥ ወጥ ይሠራሉ፥ ጠላ ያቀርባሉ። ክፍያ የለም፤ የተረዳው ሰው ተራው ሲደርስ ብድሩን በጕልበቱ ይመልሳል። ክዳን የሚያሳምር ወይም ምሰሶ አስተካክሎ የሚተክል ሰው በመንደሩ ይታወቃል፥ ይመሰገናልም፤ ነገር ግን እርሱም እንደ ባልንጀሮቹ ገበሬ ነው፥ የሚተዳደረውም በእርሻው ነው። ከዚህ እንደሚታየው ጭቃ ማቡካት ወይም እንጨት መሸከም በራሱ ነውር አልነበረም። ነውሩ የመጣው ሰው ርስት አጥቶ፥ የሌላውን ቤት በዋጋ እየሠራ መኖር ሲጀምር ነው።

የድንጋዩ ሥራ ግን ከመጀመሪያውም የተለየ ዕውቀት የሚጠይቅ ነበር። በደብረ ዳሞ ድንጋይና እንጨት ተራ በተራ እየተነባበሩ፥ የአግዳሚዎቹ እንጨቶች ጫፍ ከግድግዳው ወጣ ብሎ የሚታይበት፥ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባለው አሠራር ከአክሱም ዘመን የወረደ ነው፤ ይኸው ከአክሱም የመጣ አሠራር በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥም ይገኛል። በላሊበላ ደግሞ ሥራው በተገላቢጦሽ ሆነ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ በመደርደር ፈንታ ጠራቢው ከአንድ አለት ላይ የማያስፈልገውን ሁሉ እየፈለጠ ጥሎ፥ ጣሪያውን አስቀድሞ፥ ወለሉን በመጨረሻ አወጣ። ግንበኛ የተጣመመ ድንጋይ ነቅሎ ሌላ መተካት ይችላል፤ በላሊበላ ግን አንድ ጊዜ ያለ ቦታው ያረፈ መሮ አይታረምም። ትውፊቱ ሰዎቹ ቀን ሲሠሩ ውለው ሲገቡ መላእክት ሌሊት ሥራውን ይቀጥሉ ነበር ይላል። ይህ አነጋገር ለሥራው የተሰጠውን ከፍ ያለ አክብሮት ያሳያል፤ ዳሩ ግን አክብሮቱ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ የሰዎቹን ድካም ሸፍኖታል። በአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይ ዛሬም የሚታየው የመሮ ምልክት የመላእክት እንዳልሆነ ግልጥ ነው።

የግንበኛው ነገር ገለጥ ብሎ የሚታየው በጎንደር ዘመን ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ጊዜ ነገሥታቱ አብዛኛውን ዘመናቸውን በድንኳን ሲዘዋወሩ ያሳልፉ ስለ ነበር፥ ብዙ ግንበኞችን በአንድ ቦታ ለብዙ ዘመን የሚያኖር ሥራ አልነበረም። በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በአገሩ ተገኘ፤ የኖራውንም ነገር ከሕንድ የመጣ ሰው እንዳሳየ የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኮሳት ጽፈዋል። ከእነርሱም አንዱ ፔድሮ ፓኤዝ በጎርጎራ ሲያሠራ ሠራተኞቹን ራሱ በመሣሪያው እያሳየ ያስተምር ነበር። ዐፄ ፋሲል በ1624 ዓ.ም. ሲነግሡ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ፤ ኖራውን ግን አላባረሩም። በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ የተነሣው ግንብ በኖራ የተያያዘ ነው። «ግንቡን የፖርቱጋል ሰዎች ሠሩት» የሚለው የተለመደ አነጋገር እንግዲህ ብዙም መሠረት የለውም፤ በ1640 ዓ.ም. ጎንደር የደረሰው የየመን መልእክተኛ አል ሐይሚ የቤተ መንግሥቱን ሠሪ ሕንዳዊ ብሎታል።

ይሁን እንጂ አንድ ሊቀ ግንበኛ ብቻውን ግንብ አያነሣም። ድንጋዩን ከተራራው የፈለጠው፥ የጠረበው፥ ኖራውን ያቃጠለው፥ የጣሪያውን እንጨት ያስተካከለው ብዙ እጅ ያስፈልጋል፤ ከዚህም እጅ ትልቁ ክፍል በጎንደር ዙሪያ የሚኖሩት ቤተ እስራኤል ነበሩ። «ፈላሻ» የሚለው ስም ሌላው ሕዝብ የሰጣቸው ነው፥ እነርሱም አይወዱትም። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ካሸነፏቸው በኋላ፥ ክርስትና ያልተነሣ ሁሉ ርስት እንዳይወርስ ተደረገ ተብሎ ይነገራል፤ በዐፄ ሱስንዮስም ጊዜ በሰሜን የቀረው የራሳቸው መስፍንነት ፈረሰ። መሬት የሌለው ሰው በመሬቱ ፈንታ ሊይዘው የሚችለው እጁን ነው። «ባለእጅ» የሚለውም ቃል፥ ምንም እንኳ ስድብ ሆኖ ቢቀር፥ ሲተረጐም ይህንኑ ያመለክታል፤ ባለርስት ርስት አለው፥ ባለእጅ ግን እጅ ብቻ አለው።

ለእነዚህ ሰዎች የጎንደር ሥራ ትልቅ በር ከፈተላቸው። ንጉሡ፥ እቴጌይቱ፥ መሳፍንቱና ካህናቱ ሁሉ አሠሪዎች ሆኑ፤ ግንብ፥ ቤተ ክርስቲያን፥ ድልድይ ተራ በተራ ተሠራ። ግንበኞቹና አናጢዎቹ ቀለብ ተቀበሉ፤ በከተማዪቱ አጠገብ የሚሰፍሩበት ቦታ አገኙ፤ ከአለቆቻቸውም በጅሮንድነትን የመሰለ የቤተ መንግሥት ማዕረግ የተቀበሉ ነበሩ። ርስት የተነፈገ ሕዝብ ከንጉሥ እጅ ማዕረግ መቀበሉ ቀላል ነገር አይደለም። ከሸክላ ሠሪውና ከብረት ቀጥቃጩ ጋራ ሲነጻጸርም ግንበኛው ከፍ ብሎ ይታይ ነበር፤ ቀጥቃጩ በእሳትና በብረት ስለሚሠራ ቡዳ ነው፥ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ ይፈራል፤ በድንጋይና በኖራ የሚሠራው ግን እንዲህ ያለው ሐሜት የሚደርሰው በዘመድ አዝማዱ በኩል ነበር። ብዙ ጊዜ ባል ግንበኛ፥ ሚስት ሸክላ ሠሪ ስለሚሆኑ ሐሜቱ ወደ አንድ ቤት ይገባል።

መለያየቱ ግን በማዕረጉ አልተወገደም። ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በነገሡ ጊዜ በ1660 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር በተደረገው ጉባኤ እስላሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኖች ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ ተወሰነ፤ ካይላ ሜዳ የሚባለውም ሰፈር የዚህ ዐይነቱ ኑሮ ምልክት ነው። እንግዲህ ከተማዪቱን የሠራው ሰው ከከተማዪቱ ዳር ተቀመጠ። በእነርሱ በኩልም «አትንኩኝ» የሚባል ሥርዐት ነበራቸው፤ ከሌላው ሰው ጋራ ተነካክቶ የዋለ ወደ ቤቱ ሲመለስ ታጥቦ ይገባል። ስለዚህ ሥራው ቀን አንድ ቦታ ያውላቸዋል፥ ማታ ሁለቱም ወገኖች ይለያያሉ። ቤተ ክርስቲያን የሠራ ግንበኛ ታቦቱ ከገባ በኋላ፥ ካልተጠመቀ በቀር፥ የሠራውን በር አልፎ አይገባም።

የሙያው ትልቁ ድካም የታየው አሠሪው ሲጠፋ ነው። ከ1761 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1847 ዓ.ም. በቈየው ዘመነ መሳፍንት የጎንደር ነገሥታት ሥልጣናቸው ከግቢያቸው አጥር አላልፍ አለ፤ ጦርነት የሚያዘጋጁት መሳፍንት ደግሞ ግንብ ከማሠራት ይልቅ ጠመንጃ መግዛት መረጡ። ጠራቢውና የኖራው ሰው ሥራ ፈቱ። ልጆቻቸው በአናጢነት፥ በብረት ሥራና በሽመና፥ ሴቶቻቸውም በሸክላ ሥራ መተዳደር ያዙ፤ ከማዕረጉ የተረፈው እየሳሳ ሄደ፥ ሐሜቱ ግን እንደ ነበረ ቀረ፥ እንዲያውም ባሰ። በዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው የግንበኛና የገበሬ ልዩነት ነው። ገበሬ ያጨደውን ማሳ በሚቀጥለው ዓመት እንደ ገና ያርሰዋል፤ ግንበኛ ግን ሥራውን ባሳመረና ባፋጠነ መጠን እንጀራው የሚያልቅበትን ቀን ያቀርባል። ደግሞም ግንቡ ጠንካራ ከሆነ ሁለት መቶ ዓመት ሌላ ግንበኛ አይጠራም። ከቤተ እስራኤል አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች፥ ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ስለ ሄዱ፥ ዛሬ የዚህ ሙያ ታሪክ በጎንደር የሚገኘው ከሰዎቹ ይልቅ በድንጋዩ ላይ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ የሚወስደውን መንገድ ሲያሠሩ በራሳቸው እጅ ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። ዐፄ ዮሐንስ ራብዓዊ የመቀሌውን ቤተ መንግሥት በ1870ዎቹ ጃኮሞ ናሬቲ በሚባል ኢጣሊያዊ አናጢ አሠሩ። በዐፄ ምኒልክም ዘመን ለእንጦጦ አብያተ ክርስቲያናት ሠራዊቱ ድንጋይና እንጨት በትከሻው አመላልሷል። በነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ይታያል፤ ንጉሥ ወይም ወታደር ለእግዚአብሔር ቤት ወይም ለዘመቻ ድንጋይ ቢሸከም ይመሰገንበታል፤ ያንኑ ድንጋይ በማግሥቱ ለቀለቡ የተሸከመው ሰው ግን ይናቅበታል። ሸክሙ አንድ ነው፥ ዋጋው ነው የለያየው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ይህ ነገር በሰፊው ተፈተነ። ከዓድዋ ድል በኋላ ከተማዪቱ ቋሚ መናገሻ ስትሆን የግንበኛ ፍላጎት በረታ፤ ሐጂ ቃዋስ የሚባሉት ሕንዳዊ፥ አርመኖችና ግሪኮች፥ ከዓድዋ ምርኮኞችም ወገን የቀረው ሴባስቲያኖ ካስታኛ በቤተ መንግሥቱና በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥራ ስማቸው ይነሣል። የውጭ አገሩ ባለሙያ በጠገራ ብር ይቀጠራል፤ ኢትዮጵያዊው ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ቀለብና ልብስ ነው። ይሁን እንጂ ከአጠገቡ ሆኖ ሙያውን ቀምሷል። በአዲስ አበባ እስከ ዛሬ «ሠራተኛ ሰፈር» የሚባለው ቦታ የቤተ መንግሥቱ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነው፤ ስሙም «ባለእጅ ሰፈር» አለመባሉ መልካም ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ የስድቡን ጕዳት ያውቁ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፥ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያሉ፥ ሌላውንም በየሙያው መስደብን ከለከሉ፤ እንዲህ ያለው ስድብ አገሪቱን ያለ ሠራተኛ እንደሚያስቀራት ገለጹ። ዐዋጁ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ስድብን በዐዋጅ መከልከል ይቻላል እንጂ ጋብቻን በዐዋጅ ማዘዝ አይቻልም። በባለእጅና በጨዋ መካከል የቆመው ዋናው አጥር ደግሞ ጋብቻ ነበር።

አጥሩን በተግባር የሸረሸረው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ከቤቱ ርቆ የሚሠራ ሰው መብዛቱ ነው። ወደ አዲስ አበባ በብዛት ከመጡት መካከል ጕራጌዎች ነበሩ። የእንሰት እርሻ ጥቂት መሬት ላይ ብዙ ሰው ያኖራል፤ ነገር ግን የግብር ብር አያወጣም። ስለዚህ ወጣቱ ወደ ከተማ መጥቶ መሠረት ይቈፍራል፥ ድንጋይና አሸዋ ይሸከማል፤ ለመስቀል በዓል ያጠራቀመውን ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። ለእርሱ የጕልበት ሥራ የዘር መለያ አይደለም፥ መንገድ ነው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሸክሙን ትቶ ወደ ንግድ ይገባል። ከሰሜን የሚመጣውም ገበሬ እንዲሁ፥ መኸሩን ከሰበሰበ በኋላ መጥቶ፥ ክረምት ሳይገባ ለእርሻው ይመለሳል። የሥራውና የእርሻው ወቅት አለመጋጨቱ ለሠራተኛውም ለአሠሪውም ተስማሚ ነበር፤ በክረምት ኖራና ጭቃ አይደርቅምና ሥራው ራሱ ይቆማል። ነገር ግን ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ሰው ሙያ አይማርም። ቀን ሙሉ ለግንበኛው ድንጋይ ሲያቀብል የኖረ ስንቱ ነው ቱምቢ ሳይዝ ያረጀው! ለዚህ ዐይነቱ ሠራተኛ የተሰጠው ስምም ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ «ኩሊ» የሚለው ቃል ከሕንድ አገር ወጥቶ በእንግሊዞች አፍ ዓለምን የዞረ ነው።

የሙያው ቃላት በሙሉ እንዲህ የታሪክ ማኅተም አላቸው። መሠረት፥ ምሰሶና ማገር የአገር ናቸው። «ኖራ» ከዐረቡ «ኑራ» ጋራ አንድ ነው። «አርማታ»፥ «ፌሮ»፥ «ባሬላ» እንዲሁም የሠራተኞች አለቃ የሚባልበት «ካቦ» ከኢጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ብዙዎቹም የተስፋፉት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ነው። ፋሺስቶቹ ጦራቸውን የሚያመላልስ መንገድ ስለሚያስፈልጋቸው ወዲያው መንገድ መሥራት ጀመሩ፤ የጣርማ በር ዋሻ የተቦረቦረው ያን ጊዜ ነው። ብዙ ሺህ የኢጣሊያ የቀን ሠራተኞች መጥተው በየመንገዱ ድንጋይ ሲፈልጡ ታዩ። ነጭ ሰው ዲጅኖ ይዞ ማየት ለባላገሩ እንግዳ ነገር ነበር፤ ገዢዎቹም ይህን ስለ ፈሩ ነጩ ከጥቁሩ ጎን ቆሞ አንድ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክሉ ነበር። ደመወዙም በዘር የተለየ ነበር።

በዚህ ዘመን የሠራ ኢትዮጵያዊ ፍርዱ ከባድ ነው። በአንድ በኩል የዕለት ገንዘብ አገኘ፥ ሲሚንቶና ብረት ማዋሐድን ተማረ። በሌላ በኩል የሠራው መንገድ ወንድሙን የሚወጋ ጦር የሚሄድበት ነበር፤ ዐርበኞችም በመንገድ ሥራው ላይ አደጋ ይጥሉ ስለ ነበር ጥይቱ እርሱንም አይምርም ነበር። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ አሠሪው መንግሥት ጠፋ፥ ገንዘቡም ቆመ፤ ብዙ ሰው ወደ እርሻው ተመለሰ። ሙያውን በሚገባ የያዙት ግን በአገሩ እንዲቀሩ ከተፈቀደላቸው ኢጣሊያውያን ተቋራጮች ጋራ ሆነው የአዲስ አበባን ቤቶች ሠሩ፤ ከነርሱም በኋላ ራሳቸው ተቋራጭ የሆኑ ወጡ።

በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተበድሮ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም፥ የግንባታ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በደረጃና በደመወዝ መዝገብ ገባ፤ የመኪና ነጂውና መካኒኩ ከዲጅኖ ያዡ በላይ ተከበሩ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ በ18 ወር ገደማ ተፈጸመ ተብሎ በዘመኑ ብዙ ተመስገነ፤ ስሙ የቀረው ግን የመሐንዲሱ የአርቱሮ ሜዜዲሚና የመስኮቱን ሥዕል የሠሩት የአፈወርቅ ተክሌ ነው። በ1956 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 210 ሠራተኞች በማኅበር እንዲደራጁ ፈቀደ። ነገር ግን ማኅበር የሚጸናው በአንድ ቦታ ለብዙ ጊዜ አብረው በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ነው፤ የግንባታ ሠራተኛ ቤቱ ሲያልቅ ስለሚበተን ሕጉ እጁን ሲዘረጋለት እርሱ ሄዷል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ደግሞ ቤት ሠርቶ ማከራየት ስለ ቀረ፥ የግል አሠሪው እንደ ጎንደር መሳፍንት ጊዜ እንደ ገና ጠፋ።

የሰውነቱ ጕዳት በሁሉም ዘመን አንድ ነው። ኖራ እጅን ይልጣል፥ ዐይንንም ያጠፋል። የጠራቢው ትቢያ በሳንባው ይቀመጣል። በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ የሚሠራው ሰው የሚያምነው ቋጠሮውን ነው፤ ቋጠሮውን ያሰረው ደግሞ ትናንት ሄዶ ሊሆን ይችላል። በቅርብ ጊዜ ታሪክ ሊታለፍ የማይገባው የሴቶቹ ነገር ነው፤ በደቦው ጊዜ ውሃ ቀጂና ጠላ አቅራቢ የነበረችው ሴት በከተማው ሕንፃ ድንጋይና ቡኮ በባሬላ ተሸካሚ ሆናለች፤ ብዙ ጊዜም የሚከፈላት ከወንዱ ያነሰ ነው፥ ወደ ግንበኝነቱም ደረጃ የምትወጣው ጥቂቷ ናት።

ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአዲስ አበባ ሲነሡ፥ ከዚያም ጥቂት ቈይቶ የከተሞችን የውስጥ መንገድ በተጠረበ ጥቁር ድንጋይ ማንጠፍ ሲስፋፋ፥ ብዙ ወጣት በትንንሽ ማኅበር ተደራጅቶ መሮና መዶሻ ያዘ። ኮብልስቶን በሚባለው በዚህ ሥራ ጠራቢው የሚከፈለው በድንጋዩ ቍጥር ስለ ሆነ፥ እጁ የቀለጠፈ ሰው ከጽሕፈት ቤት ደመወዝ የበለጠ ሊያገኝ ይችል ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ልጆች በዚህ ሥራ ሲሰማሩ በአገሩ ትልቅ ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን ሥራ ክቡር ነው፥ የሚያሳፍር መለመን ነው አለ፤ ሌላው ለዚህ ነበር ወይ ይህን ያህል ዓመት የተማሩት ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛው ጥያቄ በከፊል የኢኮኖሚ ጥያቄ ነው፥ ትክክልም ነው፤ በውስጡ ግን አሮጌው «ባለእጅ» የሚለው ቃል ድምፅ ይሰማበታል። ክርክሩ ሳያልቅ በየከተማው የሚነጠፈው መንገድ እያለቀ ሄደ፤ ከማኅበሮቹም አንዳንዶቹ ወደ ሌላ ግንባታ ተሻገሩ፥ ሌሎቹም መሣሪያቸውን ሸጠው ተበተኑ።